የሰርግ ፎቶ አንሺ ቤተሰቡን ይዞ የሚወጣው መቼ ነው?

ባለካሜራው (ጎንደር፣ አራዳ)

እንደምን ሰነበታችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

የሰርግና የበዓል ፎቶ አንሺ ነኝ። ሥራውን ከጀመርኩ 12 ዓመት ሞላኝ። ባለቤቴ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የ8 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። እናቴ አዘዞ ትኖራለች።

የቸገረኝ የቀን ነገር ነው። ባለቤቴና ልጄ የሚያርፉት ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ሰርግ የሚደገሰውም ቅዳሜና እሑድ ነው። ጥር ሲገባ ከተራ፣ ጥምቀት፣ ቃና ዘገሊላ ይመጣል። ከዚያ ጾሙ እስኪገባ ድረስ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። ፋሲካ ካለፈ ደግሞ ሚያዝያና ግንቦት አሉ። ፋሲል ግቢ ውስጥ ሙሽሮች ያላቆምኩበት ደረጃ፣ ያላስደገፍኩበት ግንብ የለም። የትኛው መስኮት በስንት ሰዓት ብርሃን እንደሚያስገባ ተኝቼም አውቀዋለሁ። የራሴን ልጆች ግን በዚያ በር ይዣቸው የገባሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ቶሎ ወጣን፣ ስልክ ተደውሎልኝ።

ዘንድሮ ጥምቀት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ጥር 11 ቦታ ለመያዝ ከቤት የወጣሁት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሥርዓተ ጸሎቱ አልቆ፣ ውኃው ተባርኮ፣ ወጣቶቹ መዝለል ሲጀምሩ ከፋሲለደስ መዋኛ ማዶ ያለውን ሕዝብ በረጅሙ ሌንስ ስቃኝ፣ የዛፉ ሥር ግንቡን ጨብጦ በያዘበት በኩል፣ በአጎቷ ትከሻ ላይ ልጄን አየኋት። ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ሹሩባ ተሠርታለች። ውኃው ሲረጭ አፏን ከፍታ ታያለች። አሥር ጊዜ ያህል አነሳኋት። ወዲያው አንዱ ጎረምሳ ከግንቡ ሲወረወር ሌንሴን ወደ እሱ መለስኩ፤ ስመለስ አጣኋት።

ማታ 3 ሰዓት ቤት ገብቼ ፎቶውን በላፕቶፕ አሳየኋት። ቆንጆ ፎቶ ነበር፤ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ዝም ብላ አየችውና «አይተኸኝ ነበር? ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። እስካሁንም የምሰጣት የለኝም።

በማግስቱ ሃርድ ዲስኬ ላይ «ቤት» ብዬ ያስቀመጥኩትን ፋይል ከፈትኩ። ከጎሃ ኮረብታ ላይ ያነሳሁት የጀምበር መጥለቂያ አለ፣ 41 ፎቶ። በአንዱም ውስጥ ሰው የለም። ያን ቀን ባለቤቴ አብራኝ ነበረች። ብርድ መትቷት ጋቢዬን ለብሳ ከኋላዬ ቆማ ነበር፣ የመጀመሪያ ልጃችንን ነፍሰ ጡር ነበረች። ፎቶው ላይ ከተማው አለ፣ ግንቡ አለ፣ ሰማዩ አለ። እሷ የለችም። ጎርጎራ የሄድን ጊዜ ደግሞ ያነሳሁት የተጠበሰ አሳ ነው፣ ከላይ፣ ከጎን፣ ሎሚ ተጨምቆበት። ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ አይታወቅም። እኔ ያለሁበትንማ አልፈልገውም፤ እንደሌለ አውቃለሁ።

አሁን ሁዳዴ ገብቷል። 55 ቀን ሰርግ የለም፤ በዓመት ውስጥ እሑድን የማገኘው አሁን ነው። ግን በእኛ ቤት መዝናናት ማለት መቅመስ ነው። ፒያሳ ወጥቶ ማኪያቶና ክሬም ኬክ፣ ጣና ዳር ወርዶ የቆሮሶ አሳ። እናቴ ጾም አጥባቂ ናት፤ አሳም ቢሆን በጾም አትቀምስም። ልጄም ዘንድሮ ከአያቷ ጋር መጾም ጀምራለች። ጊዜ ሳገኝ የሚቀመስ የለም፤ የሚቀመስ ሲመጣ እኔ የለሁም።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። በጾም ከአጥባቂ እናትና ከሁለት ልጆች ጋር ወዴት ወጥታችሁ፣ ምን ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? መንገዱም እንደምታውቁት ነው፣ ሩቅ ባይሆን ይመረጣል። ሁለተኛው ለሙያ አጋሮቼ ነው፦ ከቤተሰብ ጋር ስትወጡ ካሜራውን ትይዛላችሁ ወይስ ቤት ትተዉታላችሁ?


የማራኪዋ

ሰላም ወንድሜ። እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም፤ የፎቶ አንሺ ሚስት ነኝ። ልጅህ የጠየቀችህን እኔ በትዳራችን በሦስተኛው ዓመት ጠይቄዋለሁ፤ ስለዚህ ጥያቄህን ሳነብ ልቤ ተነካ።

ከጾሙ ልጀምር፣ የሚቀመስ የለም ያልከው ስላሳዘነኝ። ቅዳሜና እሑድ እስከ 9 ሰዓት አይጾምም፤ እናትህ ቅዳሴ አስቀድሳ ከወጣች በኋላ ምሳዋን ከእናንተ ጋር ትበላለች። ሥጋና ወተቱ ነው እንጂ የሚቀረው ገበታው አይቀርም። ፒያሳ አካባቢ ያሉት ኬክ ቤቶች በሁዳዴ የጾም ኬክ ይሠራሉ። ልጆች ልዩነቱን አያውቁትም፤ የእኔዎቹ እንዲያውም የጾሙን ይመርጣሉ፣ ጣፋጩ ስለሚበዛ። አቮካዶና ማንጎ ስፕሪስ አስጨምርላቸው፣ ሎሚ ጣል ይደረግበት። ለእናትህ ሻይ በቅርንፉድ። ቀጥሎ በእግራችሁ እየተንሸራሸራችሁ ወደ ግንቡ ውረዱ። ይህ መኪና አያስፈልገው፣ የመንገድ ወሬ አያስጨንቀው።

እናትህ ሽምብራ አሳ ትሠራለች? የእኔ እናት ትሠራ ነበር። ዱቄቱን በዘይትና በቅመም አሽታ፣ በአሳ ቅርጽ አድቦልቡላ፣ ጠብሳ፣ ቁሌት ውስጥ ትከተዋለች። እናትህ ከሠራች በአገልግል ይዛችሁ ጣና ዳር ውረዱ። የጾመው የሽምብራውን፣ ያልጾመው የባሕሩን ይበላል። ማንም ማንንም እያየ አይጎመጅም።

አሁን ደግሞ ዋናውን ምክሬን ስማኝ፣ እኛን የታደገን ይኸኛው ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው በዓለ ሃምሳ ነው። ረቡዕም ዓርብም ጾም የለም። ሰርጉ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ላይ ነው የሚከማቸው። እንግዲህ ረቡዕ ከሰዓት ምን ይዞሃል? ልጆች ከትምህርት ቤት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣሉ። ባለቤቴ በእነዚያ ሰባት ሳምንታት ረቡዕ ከሰዓት ስቱዲዮውን ይዘጋል። ማኪያቶውም ክሬም ኬኩም የዚያን ቀን ነው። ልጆቼ የሳምንቱን ቀን ሲቆጥሩ «የአባዬ ረቡዕ» ይላሉ። በዓመት ሰባት ቀን ትንሽ መስሎህ አትናቀው፤ ልጅ የሚያስታውሰው ቀጠሮ የተያዘለትን ነው።

ስለ ካሜራው የእኔ ቤት ሕግ እንዲህ ነው። አንድ ዓመት ቤት ትቶት ወጣ። ሰውዬው ግማሽ አካሉን የረሳ ይመስል ነበር። ጥሩ ብርሃን ባየ ቁጥር እጁ ባዶ ደረቱን ይዳስሳል፤ እኛንም አላየንም፣ ፎቶም አላነሳም። ስለዚህ አሁን ይዞ ይወጣል። ስንደርስ ሩብ ሰዓት የእሱ ነው፤ እንቆማለን፣ እንቀመጣለን፣ የፈለገውን ያድርገን። ሩብ ሰዓቱ ሲያልቅ ቦርሳው ይዘጋና እኔ ጭን ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ከምዕራብ ብትወጣ አልከፍተውም። እሱ ራሱ ቦርሳው ሲዘጋ ትከሻው ሲወርድ አየዋለሁ።


ባለዘኒቱ

ልጄ፣ እኔ ካሜራ ከያዝኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ አሁን ዓይኔም ስለደከመ አስቀምጬዋለሁ። የጀመርኩት በዘኒት ነው። አንድ ፊልም 36 ነው የሚያነሳው። ሰርግ ላይ እያንዳንዷን ቆጥረህ ነው የምትተኩሰው፤ ለሙሽራው አባት ሁለት፣ ለሚዜዎቹ ሦስት፣ ለኬኩ አንድ እያልክ።

ማታ ቤት ስገባ ካሜራው ውስጥ ሁለት ወይ ሦስት ይተርፈኛል። ፊልሙ ሳያልቅ ወደ እጥበት አይሄድም፤ ሙሽሮቹ ደግሞ ቸኩለዋል። ስለዚህ የተረፈችዋን ልጆቼ ላይ እጨርሳታለሁ። የአምስቱ ልጆቼ ፎቶ በሙሉ የሰው ሰርግ ጭራ ነው። ሁሉም ማታ ነው፣ ሁሉም ቤት ውስጥ በፍላሽ ነው። ሹራብ ገልብጠው የለበሱ፣ ዓይናቸውን የሚያሹ፣ እናታቸው ሽንኩርት ስትከትፍ ጉልበቷ ሥር የተኙ። አንዲት ጊዜ እንኳ ልብስ ቀይሩ፣ ተሰለፉ አላልኳቸውም፤ ጊዜም አልነበረኝ። አሁን ልጆቼ አድገው ከየአገሩ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ያንን አልበም ነው። የተዋቡበትን አይደለም የሚፈልጉት፣ ያንን ቤት ነው። የዘመኑ ካርድ ስለማያልቅ ለእናንተ ጭራ አልቀረላችሁም። አንተ ራስህ አስቀርላት። ሰርግ አንስተህ ስትገባ ካሜራውን ከማስቀመጥህ በፊት ሦስት ብቻ፣ ቤትህን እንዳገኘኸው።

በጾም ወዴት እንሂድ ላልከው፣ እኔ ልጆቼን እሑድ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እወስዳቸው ነበር። በውስጥ ፍላሽ አይፈቀድም፤ ሥዕሉን ይጎዳዋል ይባላል። በዚያን ጊዜ ፊልም ያለ ፍላሽ በዚያ ጨለማ የማይታሰብ ስለነበር ካሜራዬን አስቀምጬ እንደ ልጆቼ አንጋጥጬ መቀመጥ ግዴታዬ ሆነ። ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች እንቆጥራለን፤ አንዱ ልጄ ሁልጊዜ ይሳሳትና እንደገና እንጀምራለን። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ያ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደተረፈ እነግራቸዋለሁ፤ አባቶች ንብ ወጥቶ ጠላትን አባረረ እንደሚሉት። ታናሿ ከዚያ ወዲያ ንብ ባየች ቁጥር «የሥላሴ ናት፣ አትንኳት» ትል ነበር። ከዚያ ቦታ አንድም ፎቶ የለኝም። ከወጣንባቸው ቦታዎች ሁሉ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የማስታውሰው እሱን ነው፤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደተቀመጠ ሳይቀር።

ቁስቋምም መልካም ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ግንብ ፍርስራሽ ያለበት ግቢ ለልጆች ሰፊ ነው፣ ከተማውም ከዚያ ደህና አድርጎ ይታያል። እናትህን ቀስ አድርገህ አውጣት፤ አቀበት ነው። ቆሎና ዳቦ ያዙ፣ ከዛፉ ሥር ተቀመጡ።

ሌላው፣ የምታነሳውን አሳትም። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለ ፎቶ ለአያት አይደርሳትም።


አዲስ ሌንስ

እኔ ሥራውን ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ገና አላገባሁም። ሳነበው ፈራሁ። ግን ወንድም፣ ለምን በወር አንድ ቅዳሜ ሰርግ አልቀበልም አትልም? የአንድ ቀን ገንዘብ ነው የሚቀርብህ።


ባለካሜራው

አዲስ ሌንስ፣ እውነት ብለሃል፤ አስቤበታለሁም። ግን ሰርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የዓመቱን የቤት ኪራይ የምከፍለው በእነዚያ ቅዳሜዎች ነው። ክረምት ሲገባ ስቱዲዮው ውስጥ የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው ያለኝ። ደግሞ ቀብድ ከተቀበልኩ በኋላ የሰው ሰርግ መተው አልችልም፤ ያ ቀን ለእነሱ አይደገምም። አንተ ሳታገባ ከአሁኑ የአንድ ቀን ልማድ ብታበጅ ግን ይሻልሃል፤ በኋላ ለማበጀት እንደምታየው ምክር መለመን ነው።

የማራኪዋ እህቴ፣ የበዓለ ሃምሳውን ረቡዕ በ12 ዓመት አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ለባለቤቴ ሳነብላት «ይህችን ሴት አውቃታለሁ?» አለች። አታውቅሽም፣ ግን ወደደችሽ። እናቴ ሽምብራ አሳ ትሠራለች ወይ ላልሽው፣ አዎ ትሠራለች። ከደምቢያ የመጣ ሽምብራ ካልሆነ አይሆንም ትላለች።

ባለዘኒቱ አባቴ፣ የእርስዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዛሬ ማታ ሦስት አነሳሁ። ልጁ የእናቱን ጫማ አድርጎ ቆሞ ነበር።


የደባርቅ መንገድ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር ደባርቅ የምመላለስ ሹፌር ነኝ፤ እንግዳ ሲኖር ሰሜን ተራሮችንም አስጎበኛለሁ። አንድ ሁለት ነገር ልበል።

ልጆቹ ጭላዳ ማየት ይወዳሉ ብለህ እናትህን ሰሜን ተራሮች፣ ሳንቃበር እንዳትወስዳት። ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የኖረ ትልቅ ሰው በአንድ ቀን እዚያ ወጥቶ ሲመለስ ራስ ምታትና ድካም ሊይዘው ይችላል፤ የደም ግፊት ካለ ደግሞ ይበልጥ ያሰጋል። ልጆቹን ሌላ ቀን ለብቻቸው አምጣቸው። ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር ጋጭ ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ እንደ ገበያተኛ ያጉረመርማሉ፣ ሕፃን ያንን ድምፅ አይረሳም። ረጅም ሌንስህን ተወው፣ እነሱ ራሳቸው ይቀርባሉ። ምግብ ግን እንዳትሰጡ። ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ቆርጣችሁ ስካውት ይዛችሁ ነው የምትገቡት። ዋልያ ግን ከፈለጋችሁ ጨነቅ ድረስ መዝለቅ ይጠይቃል፤ ከ4 ዓመት ልጅ ጋር አልመክርም።

ለእናትህ የሚሆነው ኮሶዬ ነው። ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መኪናው ከቆመበት ጥቂት እርምጃ ሄደህ ገደሉን ታያለህ። ግን አሁን በጾሙ አይደለም። በየካቲትና በመጋቢት አየሩ አቧራና ጭስ ይይዛል፣ ቆላው አይታይም፤ ካሜራህም ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚሰጥህ። መስከረም አጋማሽ ላይ ዝናቡ ሲቆም፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ ና። ያኔ ተራራው በደርዝ በደርዙ ይቆጠራል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብትደርስ ጉሙ ከገደሉ ሲነሳ ታገኘዋለህ። ለእናትህ ጋቢ ደርብላት።

ልጆቹ በመንገድ እንዳይሰለቻቸው ወለቃ ቁም። የሸክላ ሥራ አለ፣ ቤተ እስራኤሎች የነበሩበት መንደር ነው። ትንንሽ አንበሳና ወፍ ከሸክላ ሠርተው ይሸጣሉ። የእኔ ልጅ አንበሳዋን ከገዛሁላት ወዲህ አብራት ነው የምትተኛው።

በየትኛውም አቅጣጫ ብትወጣ ማታውን መንገዱን ጠይቅ፣ ጠዋትም ድገም።


የማራኪዋ

ሹፌሩ ወንድማችን እውነቱን ነው፤ ኮሶዬን በመጋቢት ሄደን አንድም ነገር ሳናይ ተመልሰናል። ባለካሜራው፣ ከወጣህ ተመልሰህ ንገረን። ሰው ምክር ወስዶ ሲጠፋ ቅር ይለኛል።


ባለካሜራው

እህቴ አልጠፋሁም። የደብረ ዘይት እሑድ ጎርጎራ ውለን መጣን። ቃሌን ልጠብቅ።

መንገዱን ማታም ጠዋትም ጠይቄ፣ የጓደኛዬን ቪትዝ ተውሼ፣ እናቴ ከቅዳሴ ስትወጣ ከአዘዞ አሳፈርናት። አገልግሉን ጭኗ ላይ አድርጋ አልሰጥም አለች። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ ነው የሠራችው። ቆላ ድባ ላይ ቆመን ቡና ጠጣን፣ ሻይ ለልጆች። የደምቢያ ሜዳ አዝመራው ተነሥቶ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ተሰማርቷል። እናቴ በመስኮቱ እያየች የማን መሬት ማን እንዳረሰው ስትናገር ዋለች። እኔ ያን መንገድ ለሰርግ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ሁልጊዜ ሰዓቴን እያየሁ ስለነበር ከአስፋልቱ ሌላ አላየሁም።

ጎርጎራ እንደደረስን ሩብ ሰዓቴን ተሰጠሁ። ባለቤቴ በስልኳ ሰዓት ሞላች፤ የማራኪዋ ሕግ እኛም ቤት ገብቷል። 23 ፎቶ አነሳሁ። የመጨረሻው ላይ ካሜራውን እግሩ ላይ አቁሜ በሰዓት ቆጣሪ አምስታችንም ገባን። ልጁ ወደ ካሜራው አላየም፣ በሳህን የሚያልፈውን አሳ ነው የሚያየው። እኔ ሮጬ ስደርስ እናቴ ትከሻዬን ይዛኛለች። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፣ ቦርሳው ተዘጋ፣ ባለቤቴ ጭን ላይ ተቀመጠ።

ለልጁ ሙሉ ቆሮሶ አስጠበስንለት፤ እኔና ባለቤቴ ከእናቴ ጋር ስለምንጾም አልቀመስንም። እናቴ አገልግሉን ከፈተች። ሽምብራ አሳዎቹን በዓይን ሠርታቸዋለች፤ ለእያንዳንዱ ጥቁር አዝሙድ ሰክታ። ልጄ አንዱን በእጇ ይዛ ከወንድሟ ሳህን ካለው ጋር ስታስተያይ ቆየችና «የእኔ ይበልጣል፣ ያያል» አለች። እናቴ ከሳቋ የተነሣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ይህንን ማንሳት ነበረብኝ ብዬ እጄ ሄዶ ነበር፣ አልደብቃችሁም። ቦርሳው ተዘግቷል። አሁን ስጽፈው ግን የነጠላዋ ጥለት ቀለም ሳይቀር ይታየኛል።

ከምሳ በኋላ እናቴ ውኃውን ስታይ ዝም አለች። ከዚያ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ከዚህ ወደብ በጀልባ ተሳፍራ ባሕር ዳር ድረስ እንደሄደች ነገረችን። አያቴ ማር ሊሸጥ ይሄድ ነበር። እሷ ፈርታ ሌሊቱን ሙሉ የቀበቶውን ጫፍ ይዛ አደረች። ልጇ ሆኜ 36 ዓመት ስኖር ይህንን ሰምቼው አላውቅም። ጠይቄያትም አላውቅም። ከእሷ ጋር ጣና ዳር የተቀመጥኩት ግን ያ ቀን የመጀመሪያዬ አልነበረም፤ ባለፈው እኔ አሳውን ሳነሳ ነበር።

11 ሰዓት ሲሆን ልጄ ርቃ ሄዳ ነበር። አንድ ሰው ከደንገል ታንኳ ሲሠራ አግኝታ ፊቱ ቁጢጥ ብላ ታያለች። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በደንገሉ መሐል ትገባለች፣ ውኃው ቢጫ ሆኗል፣ የልጄ ጥላ እስከ ታንኳው ጫፍ ይደርሳል። ሙያውን የምታውቁ ምን ዓይነት ብርሃን እንደሆነ ይገባችኋል። ተነሣሁ። ባለቤቴ ቦርሳውን አጥብቃ ይዛ ታየኛለች።

በስሟ ጠራኋት። ቀና አለች፣ ከዚያ እየሮጠች መጣች፤ የቀሚሷ ጫፍ ርሶ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ።

«ምነው አባዬ?»

«አየሁሽ» አልኳት።

አጠገቤ ቁጭ አለችና ታንኳው እንዴት እንደሚታሰር አንድ በአንድ አስረዳችኝ። እስክንነሣ ድረስ ከጎኔ አልተነሣችም።

ባለዘኒቱ አባቴ፣ አምስታችን ያለንበትን አሳትሜ ለእናቴ ሰጥቻታለሁ፤ ከሥላሴ ሥዕሏ ጎን ሰቅላዋለች። የማታዎቹ ሦስት ሦስት ፎቶዎችም 60 ደርሰዋል፤ ስም ሳጣላቸው «ጭራ» ብዬ አስቀመጥኳቸው፣ ከእርስዎ ወስጄ። ሆሳዕና እሑድ ልጆቹን ደብረ ብርሃን ሥላሴ እወስዳቸዋለሁ፤ ካሜራው ቤት ይቀራል።

ሹፌሩ ወንድሜ፣ ለመስከረም ኮሶዬ እፈልግሃለሁ፤ በውስጥ መስመር ቀን እንያዝ። ጋቢውን እናቴ ከአሁኑ እየፈተለች ነው።

የማራኪዋ፣ ለመጀመሪያው የበዓለ ሃምሳ ረቡዕ የልደት ፎቶ የጠየቀኝ ሰው ነበር። ሐሙስ አደረግሁለት፤ ምንም አላለም። ልጄ ሚልፎይ መርጣለች። ልጁ ገና አልወሰነም።